ያልተዘቀዘቀው ነጠላ

«ትከሻ! ትከሻ ያለው ቤት ይውጣ!»

ጎህ ገና እየቀደደ ነበር። የትነበርሽ ከጉብታው ላይ ቆማ ስትጣራ ድምፅዋ ከገደሉ ጋር ተላትሞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ሸምበቂት ከኮሶዬ ገደል ሥር የተወሸቀች መንደር ናት። ክረምት ሲገባ ከላይ ጭጋግ፣ ከታች የወንዝ ሙላት ይዘጋባታል። ዘንድሮ ደግሞ ጦርነቱ ተጨምሮበት ወደ መንደሯ የሚወርደው የመኪና መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል።

በሸምበቂት ቃሬዛ ሲጠራ እምቢ አይባልም። የተኛው ዘመድ ይሁን ባላጋራ፣ ከየቤቱ አንድ ትከሻ ይወጣል። ትከሻ የነፈገ ቤት የራሱ ሰው የወደቀ ቀን ደጁን የሚረግጥለት አያገኝም። ድሮ ጥሪው እንደተሰማ ጎረምሳው ዱላውን ጥሎ ይሽቀዳደም ነበር። አሁን ጎረምሳ የለም። አንዳንዱ ዘምቶ አልተመለሰም፣ አንዳንዱ ጫካ ገብቷል፣ የቀረው ከሁለቱም ሸሽቶ መተማ ለቀን ሥራ ወርዷል።

ወለተ ሚካኤል በትሯን ይዛ ከግቢዋ ወጣች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች፣ ስትራመድ መሬት የምትቆጣ የምትመስል ሴት ናት። ዋርካው ሥር ስትደርስ ሦስት ሰው ብቻ አገኘች፦ የትነበርሽን፣ የደብሩን የቅኔ መምህር የኔታ ገብረ ኢየሱስን፣ የጤና ኬላዋን ሠራተኛ ናዝራዊትን። ከእሷ ጋር አራት ሆኑ። ቃሬዛም ያለው አራት ጫፍ ነው። ተቀያሪ የለም ማለት ነው።

ከዚያ የተኛውን አየች። እግሯ ተተከለ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው እትዬ» አለች የትነበርሽ። «የጠየቅንሽ ትከሻሽን ነው። ልብሽን ቤትሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ።»

የተኛው ጃቢር ነበር። አባቱ ሐጂ ጀማሉዲን ጎንደር አራዳ ሱቅ አላቸው። ጃቢር ከወለተ ሚካኤል አንድ ልጅ ከልዑልቃል ጋር በአንድ ቀን ተመዝግቦ፣ በአንድ መኪና ተጭኖ ወደ ሰሜኑ ጦርነት ሄደ። ከሦስት ክረምት በፊት ብቻውን ተመለሰና ደጇ ላይ ቆሞ «በእጄ ቀበርኩት» አላት። ወለተ ሚካኤል በዱላ አባረረችው። ሬሳ አላየሁም፣ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ድንኳን አልተተከለም፣ ተዝካር አልወጣም። የሐዘንተኛ ሴት የነጠላዋ ጥለት ወደ አንገቷ ይወጣል፤ የእሷ ጥለት ግን እስከ ዛሬ ከታች ነው።

ጃቢር ጠመንጃውን ትቶ ገበያ ለገበያ የሚዞር ነጋዴ ሆነ። ሸምበቂት በወረደ ቁጥር የወለተ ሚካኤል አጥር ሥር ጨው አኑሮ ይሄዳል። እሷም አንድ ቀን አንስታው አታውቅም። ዝናብ እያቀለጠው መሬት ይገባል። እዚያ ቦታ ሣር መብቀል ከተወ ቆይቷል፤ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ አፈሩን ሊልስ ይመጣል።

ትናንት ከገበያ ሲመለስ ገደሉን የያዙት ታጣቂዎች አስቆሙት። የቀድሞ ወታደር መሆኑን ያውቃሉ፤ አዲስ የገቡትን ልጆች እንዲያሠለጥንላቸው ፈለጉ። «ጠመንጃ በቅቶኛል» አላቸው። ይዘውት ሊሄዱ ሲሉ አመለጠ፣ ሲያመልጥ ጭኑን መቱት፣ በገደሉ ተንሸራቶ ወረደ፣ ወንዙ ሳይሞላ ተሻግሮ ሸምበቂት ወደቀ። እየፈለጉት ነው።

«ከኮረብታው ላይ ደውዬ አባቱን አግኝቻቸዋለሁ» አለች ናዝራዊት የጭኑን እሥር እያጠበቀች። «ኮሶዬ መኪና ይዘው ይጠብቃሉ። ሰዓት እላፊው ከገባ ግን መኪና አይንቀሳቀስም። እግሩ ደግሞ እስከ ነገ አይቆይም። ከዛሬ ካለፈ እሱም ራሱ አይቆይም።»

ወለተ ሚካኤል በትሯን መቀነቷ ውስጥ ሻጠች።

«የቤቴን ድርሻ እሸከማለሁ። አታናግሩኝ። እሱም እንዳያናግረኝ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ከፊት በኩል ገባች። ትከሻ ላይ ሲያወጡት ጃቢር ጥርሱን ነከሰ።

ቁልቁለቱን ወርደው ጥቁር ውሃ ሲደርሱ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ደጋው ላይ ያደረው ዝናብ ግንድ እየነቀለ፣ ቋጥኝ እያንከባለለ ይወርዳል። የዘወትሩ መሻገሪያ ቡናማ ውሃ ውጦታል።

«ትንሽ ብንጠብቅ ይጎድል ይሆን?» አለ የኔታ።

 ቃሬዛውን ከትከሻ ወደ አናት አወጡና ገቡ። ውሃው ጉልበት ያዘ፣ ወገብ ያዘ። የወለተ ሚካኤል እግር በድንጋይ መሐል እየፈለገ፣ እየረገጠ፣ እየተነቀለ ይሄዳል። መሐል ላይ ሲደርሱ ከላይ አንድ ሥሩ ያልተቆረጠ ግንድ እየተገለባበጠ መጣ።

«ግንድ!» ስትል የትነበርሽ፣ ናዝራዊት ዞር አለች፣ ዞር ስትል አዳለጣት፣ እስከ አንገቷ ሰመጠች። የቃሬዛው አንድ ጫፍ ወረደ። ጃቢር ወደ ውሃው ተንሸራተተ። ወለተ ሚካኤል አላሰበችም። በአንድ እጇ እንጨቱን እንደያዘች ተጠማዝዛ በሌላው ኮሌታውን ጨመደደችው። ግንዱ በቅርንጫፉ ጀርባዋን ገርፎ፣ ነጠላዋን ቀዶ አለፈ። ናዝራዊት እያሳለች ተነሳች፣ ጫፏን ያዘች። ተጎተቱ፣ ተንፏቀቁ፣ ማዶ ወጡ።

ፊቱ ከፊቷ የአንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነበር።

«እማማ…» አለ ጃቢር።

«ዝም በል። ውሃው ይበቃኛል።»

እጇን ከኮሌታው ላይ ለመፍታት ግን ጊዜ ወሰደባት። ጣቷ ደርቆ ቀርቶ ነበር።

ከወንዙ በላይ ጫካው ይጀምራል። ቀኑ ገና ረፋድ ቢሆንም ጭጋጉ ወርዶ ዛፉንም ሰውንም አንድ አድርጎታል። ከፊት ያለ ሰው ከኋላ ያለውን በትንፋሹ እንጂ በዓይኑ አያገኘውም። ሽቅብ እየወጡ ነው። የየትነበርሽ ትከሻ ተልጦ ደም አውጥቷል፣ የኔታ በየአምስት እርምጃው «አቤቱ» ይላል። ከቃሬዛው ሥር የጃቢር ደም በቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«የሆነ ነገር ይከተለናል» አለች ናዝራዊት።

ሁሉም አደመጡ። ቅጠል ተረገጠ፤ ቆመ። እንደገና ተረገጠ። ከዚያ ሽታው መጣ። ጅብ ነው። ድሮ በቀን ሰው ያለበት አይደርስም ነበር። ያልተቀበረ ሬሳ በየሸለቆው ከቀረበት ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ግን የዚህ አገር ጅብ ሰው መፍራት ትቷል።

«አታስቀምጡት» አለች የትነበርሽ። «ካስቀመጥነው የእሱ ነው።»

ሳያስቀምጡት ሄዱ። ጅቡ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ጭጋጉ ውስጥ እንደ ትልቅ ግራጫ ድንጋይ ብቅ ይላል። የትነበርሽ በአንድ እጇ ድንጋይ እያነሳች ትወረውራለች፣ ትሰድባለችም። «ሂድ አንተ ቀላዋጭ! የእናትህ ለቅሶ መሰለህ?» አልሄደም። ከኋላ ተስፈንጥሮ ከቃሬዛው የተንጠለጠለውን ጋቢ ነከሰና ጎተተ። ቃሬዛው ተናወጠ፣ ጃቢር ጮኸ። ወለተ ሚካኤል ጫፏን ለናዝራዊት ትከሻ ጣለችና በትሯን መዘዘች። አፍንጫውን መታችው። ጅቡ ጋቢውን ለቆ ወደ እሷ ዞረ። ጥርሱን አየች፣ የትንፋሹ ግማት ፊቷን መታው፣ በትሯን ደግማ ስታነሳ ከቅርንጫፍ ጋር ተያዘባት።

የኔታ ገብረ ኢየሱስ ያን ጊዜ ብብቱ ሥር የነበረውን ጥቁር ጃንጥላ አውጥቶ በጅቡ ፊት ቷ አድርጎ በረገደው።

ጅቡ ወደ ኋላ ዘለለ፣ በራሱ እግር ተጠላልፎ ወደቀ፣ ተነሳና ቁጥቋጦውን እየሰበረ ወረደ። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

«ለጸሐይ የገዛሁት ነበር» አለ የኔታ ጃንጥላውን እያጠፈ።  ከቃሬዛው ላይ ጃቢር ሲስቅ ሰሙት፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

ጭጋጉ ሲገለጥ ገደሉ ከፊታቸው ቆሞ ጠበቃቸው። ጥቁር፣ ርጥብ፣ ቀጥ ያለ። ወደ ኮሶዬ የሚያወጣው መንገድ በድንጋዩ ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል፤ ጫፉ አጠገብ ሁለት ቋጥኝ ሊነካኩ ተቃርበው የቆሙበት ቀጭን በር የሚባል መተላለፊያ አለ። ከበሩ ላይ ጭስ ይወጣል።

«እነሱ ናቸው» አለች የትነበርሽ። «ሌላ መውጫ የለም።»

ከዋሻ መሳይ ድንጋይ ሥር ቃሬዛውን አሳረፉ። ናዝራዊት የጃቢርን እግር ነካች፣ ጣቶቹን ጫነች፣ ሰማዩን አየች። «ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለች።

«በሽተኛ ከሆነ ገልጠው ያዩታል» አለች የትነበርሽ። «ሬሳ ከሆነ ግን አይነኩትም። ሬሳ ሲያልፍ መንገድ የሚዘጋ ሰው ገና አልተወለደም።»

 የኔታ ለዝናብ ብሎ ጀርባው ላይ ያሠረውን ሰሌን ፈታ። ሬሳ በሰሌን መገነዝ ያውቃል፤ በሸምበቂት የሞተ ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚገነዘው። የጃቢርን ሁለት አውራ ጣት በክር አሠረ፣ እጆቹን አጠላለፈ።

«የኔታ፣ አያጥብቁት» አለ ጃቢር። ከንፈሩ አመድ መስሏል። «በኋላ እፈልገዋለሁ።»

«ሬሳ አይናገርም። ዝም በል።» የኔታ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ፍትሐት አልደርስም። እስላም መሆኑ አይደለም፤ መተንፈሱ ነው የከለከለኝ። ዳዊት እደግማለሁ። ዳዊት ለኑሮም ለሞትም ነው።»

የትነበርሽና ናዝራዊት ነጠላቸውን አውርደው ጥለቱን ወደ ላይ አዞሩ። ከዚያ ሁለቱም ወለተ ሚካኤልን አዩ።

«አላደርገውም» አለች።

«እትዬ…»

«ልጅሽ ሞተ ሲሉኝ ያልዘቀዘቅሁትን፣ ለእሱ እዘቀዝቃለሁ? ሟርት ነው። ይህን ባደርግ ልጄን በእጄ ገደልኩት ማለት ነው።»

«ልጅሽ…» አለች የትነበርሽ፣ ቀጥላ ልትል ያሰበችውን ግን ዋጠችው። «እንግዲያው ጎረቤት ነሽ። ጎረቤት ባትዘቀዝቅ አይፈረድባትም። ከኋላ ሁኚ፣ አንገትሽን ድፊ።»

ሰሌኑ ፊቱ ላይ ከመውረዱ በፊት ጃቢር ወለተ ሚካኤልን አያት። አልለመናትም። እሷም ፊቷን አዞረች።

ዳገቱ አጥንት የሚፈታ ዳገት ነበር። አንዳንዱ ቦታ ላይ በአራት እግር ተሳቡ። ጭላዳ ዝንጀሮ ከበላያቸው ተሰብስቦ ይጮሃል፣ ሲዘል ድንጋይ ይለቃል፤ አንዱ የየኔታን ቆብ ይዞ ገደል ገባ። ዝናብ ጀመረ፤ ወዲያው በረዶ ሆነ። በረዶው ሰሌኑን እንደ ከበሮ ይመታዋል። ሰሌኑ ውስጥ ያለው ሰው ቃል አልወጣውም። ናዝራዊት በየመካከሉ እጇን ከሥር ሰድዳ የልቡን ምት ትፈልጋለች። «አለ» ትላለች በሹክሹክታ። ደግሞ ትንሽ ሄዳ «አለ።»

«ቁሙ!»

ከቋጥኙ ላይ አራት ሰው ወረደ። ልብሳቸው በስብሷል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ከፊታቸው ላይ እንቅልፍ ካዩ እንደሰነበቱ ይነበባል። ከፊት ያለው ከሰላሳ የማይበልጥ፣ ፂሙ የተንጨባረረ፣ ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ክንዱ ላይ ያቀፈ ነው። ሌሎቹ ሐዲስ ይሉታል።

«ምን ይዛችሁ ነው?»

«ሬሳ» አለ የኔታ። «ሬሳ ላይ ትጮሃለህ እንዴ አንተ ልጅ?»

ሐዲስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዓይኑን ግን ከሰሌኑ ላይ አላነሳም።

«ወዴት?»

«ኮሶዬ። አያቶቹ ካረፉበት ደብር።»

«በምን ሞተ?»

«በበሽታ» አለች ናዝራዊት።

«ማን ይባላል?»

 ጣቱን አስረው፣ ሰሌን ጠቅልለው፣ ጥለት አዙረው፣ ለሟቹ ስም ማውጣት ግን አንዳቸውም አላሰቡም ነበር። የትነበርሽ ምላሷ ከሰው ሁሉ የሚቀድም ሴት ናት፤ አሁንም ቀደመ። ካፏ የወጣው የሸምበቂት ሰው ሁሉ ሦስት ክረምት በወለተ ሚካኤል ፊት ላለመጥራት የተጠነቀቀው ስም ነበር።

«ልዑልቃል።»

ወለተ ሚካኤል ጀርባዋን በድንጋይ የተመታች መሰላት።

«የማን ልጅ?»

 የትነበርሽ በአገጯ ወደ ኋላ አመለከተች።

ሐዲስ በቃሬዛው ዞሮ መጣ። ወለተ ሚካኤልን ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ዓይኑ ጭቃ የነካው የነጠላዋ ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ያንቺ ልጅ ነው?»

የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«እነዚህ ሁለቱ ባዳ ሆነው ዘቅዝቀዋል። የወለድሽው አንቺ ጥለትሽ ከታች ነው።» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ልጇ ሞቶ ነጠላዋን ያላዞረች እናት የየት አገር ሰው ናት?»

ጠመንጃው ቀጭ አለ። ከሰዎቹ አንዱ እጁን ወደ ሰሌኑ ዘረጋ። የኔታ ዳዊቱን መድገም አቆመ። በረዶው ብቻ ይመታል።

ወለተ ሚካኤል ትከሻዋ ላይ ያለውን ክብደት ያን ጊዜ ለየችው። ከጎህ ጀምሮ የተሸከመችው የጃቢርን አካል ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ክረምት ሙሉ ሌላ ሰው ተሸክማ ኖራለች፤ ሳታስቀምጥ፣ ትከሻ ሳታቀይር፣ አግዙኝ ሳትል። ልዑልቃል እንደማይመጣ ታውቅ ነበር። ጃቢር ደጇ ላይ ቆሞ የልጇን ማተብ በመዳፉ ይዞ ያሳያት ዕለት አውቃለች። ዱላውን ያነሳችው ማተቡን ስላወቀችው ነበር።

ቃሬዛውን አስቀምጡ ሳትባል ጫፏን ዝቅ አደረገች፤ ሌሎቹም አብረው ዝቅ አደረጉ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከጉንጉኗ የወረደው ውሃ ፊቷ ላይ ይፈስሳል። የተቀደደውን ጨርቅ ዘረጋችው፣ ጥለቱን ፈለገች፣ ወደ ላይ አዞረች፣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።  ከዚያ አፏን ከፈተች።

የወጣው ድምፅ የትነበርሽን አስደነገጣት። የሚያስመስል ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እናትህ ቤት ዘግታ ስትጠብቅህ ኖራ፣
አንተ ከሰው አገር ከማን ጋር ታወራ።»

ደረቷን መታች። ስለ ቁመቱ ተናገረች፤ የቤቱ መቃን እንደሚመታው፣ ዝቅ በል ስትለው እንደሚስቅ። በሬዎቹን ሲያርስ እንደሚያፏጭላቸው፣ ከሄደ በኋላ በሬዎቹ ያለፉጨት አልሄድ እንዳሉ። ሲዘምት ያዘጋጀችለትን ድርቆሽ መደብ ላይ ረስቶ መሄዱን፣ ድርቆሹን ነቀዝ እስኪጨርሰው ድረስ ማንም እንዳይነካው መከልከሏን። ከዚያ ሰሌኑ ላይ ወደቀች፣ አቀፈችው።

«ደጄ ላይ ያለ ጨው ዝናብ አቀለጠው፣
እያወቅሁ እንቢ አልኩ ልቤን እንዳይቆርጠው።»

ደረቷ ሥር፣ ከሰሌኑ ውስጥ፣ የሌላ ሰው ልብ ሲመታ ተሰማት። የሰሌኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ጣት ተንቀሳቅሳ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። በአካሏ ሸፈነችው።

የትነበርሽ አለቀሰች፤ ናዝራዊትም አለቀሰች። ከታጣቂዎቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላው ፊቱን ወደ ቋጥኙ አዞረ። ሰሌኑን ሊገልጥ የነበረው እጅ ወደ ኪስ ገባ።

ሐዲስ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አያት። ከዚያ ጠመንጃውን ከክንዱ ወደ ጀርባው አዞረ።

«ሴቶች በዚህ ዳገት ሬሳ አያወጡም» አለ። «ትከሻ ስጡ።»

እንዲህ ሆኖ ጃቢርን ሊይዙ ገደል የያዙት ሰዎች ጃቢርን ተሸክመው ወጡ። የበረዶው ውሃ ድንጋዩን እያዳለጠው፣ እርስ በርስ «ቀስ፣ ቀስ፣ በግራ» እየተባባሉ፣ ደጋው ሜዳ ላይ እስኪደርሱ አላሳረፉም። ሐዲስ ከእግሩ በኩል ነበር። መንገዱ መሐል ላይ ወለተ ሚካኤል አንድ ነገር አየች። ከቃሬዛው ሥር ቀይ ጠብታ ወርዶ የሐዲስ አንገት ላይ አረፈ። ሌላ ተከተለው። ሐዲስ በእጁ ጀርባ ጠረገው፣ እጁን አየ፣ ጣቶቹን አፋተገ። እርምጃው ለአፍታ ተደናቀፈ። ከዚያ መራመዱን ቀጠለ።

ሜዳው ላይ ቃሬዛውን ለሴቶቹ መለሱ። ሰዎቹ ወደ በሩ ሲመለሱ ሐዲስ ወደ ኋላ ቀረ፣ ወደ ወለተ ሚካኤል ተጠጋ። ፊቱ ምንም ርኅራኄ አልነበረበትም።

«ሬሳ እንደማይደማ አውቃለሁ» አላት በዝግታ።

ወለተ ሚካኤል ዓይኗን አልሰበረችም።

«ለቅሶዎ ግን እውነት ነው። እናቴ ስታለቅስ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ነው።» ደም የነካውን እጁን በሱሪው ጠረገ። «እሱ ዳግመኛ በዚህ አገር ከታየ እተኩሳለሁ። እርስዎም በዚህ በር ተመልሰው አይምጡ። እነዚያ ልጆች ነገ ቢያውቁ እኔም አላስጥልዎትም።»

ዞሮ ሄደ። ጭጋጉ ዋጠው።

ኮሶዬ መንገድ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ፊት አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። ሐጂ ጀማሉዲን ቃሬዛውን ከሩቅ ሲያዩ ሮጡ። ሲቀርቡ ሰሌኑን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። «ኢና ሊላሂ…» ብለው ጀመሩ።

«ኧረ አልሞተም ሐጂ!» አለ የኔታ እየተደናበረ። «አልሞተም፤ ጣቱን ፍቱለት!»

ሰሌኑ ሲገለጥ የጃቢር ፊት ወጣ። ዓይኑ ክፍት ነበር፣ ከዓይኑ ጥግ እስከ ጆሮው ውሃ ወርዷል። አባቱ ጭንቅላቱን ይዘው አንዴ ይስማሉ፣ አንዴ ይሳደባሉ። ናዝራዊት የጣቱን ክር ቆረጠች፣ እግሩን አየችና «አሁን ንዱ» አለች። ሰዓት እላፊው ቀርቧል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል።

የመኪናው በር ሊዘጋ ሲል ወለተ ሚካኤል እጇን ከበሩ ላይ አሳረፈች።

«የት ነው ያስተኛኸው?»

ጃቢር ይህን ጥያቄ ሦስት ክረምት ጠብቋል። 

«ከዛሪማ ወንዝ ማዶ፣ ከወይራ ሥር። ራሱን ወደ ምዕራብ አደረግሁት፣ ፊቱ ወደ ጸሐይ መውጫ እንዲሆን፤ እናንተ እንደምታደርጉት። ዳዊት የሚደግም አልነበረም። እኔ የማውቀውን ዱዓ አደረግሁለት። ቅር ካለዎት…»

«ሸጋ አድርገሃል» አለች። በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት። «ማተቡስ?»

«ቤት አለ። እናቴ ሃጂራ አስቀምጣዋለች።»

«ትጠብቅልኝ። መጥቼ እወስደዋለሁ።»

በሩ ተዘጋ። መኪናው ጭቃ እየረጨ ወደ ጎንደር ቁልቁል ወረደ።

የኔታ፣ የትነበርሽና ናዝራዊት መሬት ላይ ተዘርፍጠው ቀሩ። ወለተ ሚካኤል ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ እንደ እሳት ይነዳል። ቤቷ ከገደሉ ሥር ነው፤ የሚወስደው በር ግን ተዘግቶባታል። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበር።

የምግብ ቤቷ ባለቤት ጭልፋ ይዛ ወጣች። የተቀደደውን ነጠላ፣ አንገት ላይ የወጣውን ጥለት አየች።

«ምነው እናቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ልጄ» አለች ወለተ ሚካኤል። «ልጄ ሞቶብኝ ነው።»

«ወይኔ! መቼ?»

ወለተ ሚካኤል ወደ ሰሜን፣ ጭጋግ ወደ ሸፈነው ተራራ ተመለከተች።

«መርዶው ዛሬ ነው የደረሰኝ።»

ሴትዮዋ ጭልፋውን ከደጃፉ አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረች፣ አጠገቧ ተቀመጠች።